«ቨርቹ» ሲገጥማችሁ የትኛውን አማርኛ ትመርጣላችሁ?

ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ቬንቲሌተር አስገባሁ። በሩ ላይ «ጽሕፈትና ትርጉም» ብዬ ለጠፍኩ። አንድ አባት፣ ልጃቸው ከውጭ የላከችላቸውን የእንግሊዝኛ ውክልና ይዘው መጡ። ጉዳዩ ቤት ለመሸጥ ነው። ወረቀቱ መሀል ላይ «ባይ ቨርቹ ኦፍ» የሚል ሐረግ አለ። «ቨርቹ» በጎነት መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። ምንም ሳልጠራጠር «በዚህ ውክልና በጎነት ቤቱን መሸጥ ይችላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ማኅተሜን አሳርፌ ሰጠኋቸው።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በባጃጅ ተመለሱ። ላባቸው ይንጠፈጠፋል።

«አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ደግ ሰው ነው ብለሽ ነው እንዴ የጻፍሽው? መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ለጓደኞቹ እያነበበ ሳቀብኝ እኮ!»

«ይቅርታ አባባ፣ አሁኑኑ አስተካክልልዎታለሁ። እስኪ ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት።»

ያስተካከልኩት አንድ ቃል ነው። «በዚህ ውክልና መሠረት።» አለቀ። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ የባጃጁንም ጨመርኩ። እሳቸው ግን የባጃጁን አልቀበልም ብለው ሄዱ። ያ ደግሞ በኋላ ለማነሳው ነገር ጥሩ ምሳሌ ሆኖልኛል።

ከዚያ ወዲህ ይህቺ ቃል ደንበኛዬ ሆናለች። አንዴ በተማሪ የቤት ሥራ፣ አንዴ በስብከት፣ አንዴ በረመዳን መጽሐፍ፣ አንዴ በመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ትመጣለች። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ተርታውን ታገኛላችሁ፦ በጎነት፣ ደግነት፣ ምግባር፣ ጽድቅ፣ ጨዋነት፣ ትሩፋት፣ ኃይል። ሁሉም ትክክል ነው። ችግሩ ሁሉም ትክክል መሆኑ ላይ ነው።

እኔ የምሠራበት መንገድ ቀላል ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ቨርቹው የማን ነው? የሰው? የወረቀት? የመድኃኒት? የጾም? የሐሳብ? ባለቤቱ ሲታወቅ ከተርታው ውስጥ ግማሹ ራሱ ይወድቃል።

ቃሉ ከየት መጣ

ይህን ሳታውቁ ብትመርጡ ትስታላችሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። በላቲን «ቪር» ማለት ወንድ ነው። «ቪርቱስ» ደግሞ ወንድነት፣ ጀግንነት፣ በጦር ሜዳ አለመሸሽ። ሮማዊው ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታየው ምጽዋት የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ጋሻ የያዘ ወታደር ነበር። በኋላ የግሪኮችን «አሬቴ» ለመተርጎም ይህንኑ ቃል ተጠቀሙበት። አሬቴ ብልጫ ነው፤ አንድ ነገር የራሱን ሥራ አሳምሮ መሥራቱ። አርስቶትል የዓይን አሬቴ አጥርቶ ማየቱ፣ የፈረስ አሬቴ ጥሩ ሯጭ መሆኑ ነው ይላል። ከዚያ ክርስትና ሲስፋፋ ቃሉ ወደ መልካም ሥራና ወደ ቅድስና አዘነበለ። ፈረንሳዮች «ቬርቱ» አሉት፤ እንግሊዞች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከእነሱ ወሰዱት። እኛ ድሬዎች ሳንተዋወቀው በፊት በፈረንሳይኛው በኩል አልፎብን ሊሆን ይችላል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የሽማንዴፈር፣ የምድር ባቡሩ፣ ሥራ በፈረንሳይኛ ነበርና።

ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ነገር ተኝቷል፦ ጀግንነት፣ ብልጫና ደግ ሥራ። አማርኛ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቃል አይጠቀልላቸውም።

ወይስ ይጠቀልላል? ልጅ ፈተና አልፎ ሲመጣ «ወንዳታ!» እንለው የለ? ለሴት ልጅም እንላለን። እኔም ተብያለሁ። ቃሉ ከወንድ የመጣ ነው፤ የሚመሰገነው ግን ብርታት ነው። ሮማዊው ድሬ ቢመጣ ይህቺን ቃል ሳያስተረጉም ይረዳታል። ለትርጉም ሥራ ግን አትሆንም፤ ማን ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ «ወንዳታ» ይጽፋል።

በጎነት፣ ደግነት፣ ቅንነት

ብዙ ሰው ሳያስብ የሚያነሳው «በጎነት»ን ነው። እኔም ያን ቀን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ቃሉ መጥፎ አይደለም። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 ላይ እንግሊዝኛው «ቨርቹ» ያለውን «በጎነት» ብሎታል፤ በፊልጵስዩስ 4፥8 ላይም እንዲሁ። ስለዚህ መንፈሳዊ ጽሑፍ ከሆነና ነገሩ ጠቅላላ ከሆነ «በጎነት» ብትሉ የሚከሳችሁ የለም።

ነገር ግን ቃሉ በኛ ዘመን ጠቧል። በጎ ፈቃደኛ፣ በጎ አድራጎት፣ በጎ ሥራ። ዛሬ አንድ የሳቢያን ሰፈር ወጣት «በጎነት» ሲባል የሚታየው በክረምት የአዛውንት ቤት ጣሪያ የሚያድሱ ልጆች ናቸው። እርዳታ ማለት ሆኗል። ስለዚህ «ጀግንነት ከበጎነቶች አንዱ ነው» ብትሉት ግራ ይገባዋል። ጀግንነት ምን ረዳ?

«ደግነት» ከዚያም የጠበበ ነው። ደግ እጁ የተፈታ ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ቤቱን ለማያውቀው ሰው የከፈተው ደግ ነው። «ቅንነት» ደግሞ ከእጅ ወደ ልብ ይገባል። ቅን ሰው ምንም ላይሰጣችሁ ይችላል፤ ክፉ ግን አያስብባችሁም። ቅን ሆኖ ቋጣሪ የሆነ አውቃለሁ። ደግ ሆኖ ተንኮለኛም አውቃለሁ፤ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው ሲያማ የሚውል። እንግሊዝኛው «ካይንድነስ» ካለ ደግነት በሉ። «ሲንሴሪቲ» ካለ ቅንነት ይቀርበዋል። «ቨርቹ» ካለ ሁለቱም ያንሳሉ።

ጽድቅ ይቅርባችሁ፤ ከፍ ይላል። ጻድቅ ስንል የሚታዩን እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ጽድቅ ደግሞ በሰማይ የሚቆጠር ነገር ነው፤ «ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ» ያለው ሰው እንኳ ዳኛውን ያውቀዋል። ቨርቹ በምድር ላይ የሚታይ፣ ጎረቤት የሚመሰክርለት ነገር ነው። ጽድቅ ለ«ራይቸስነስ» ይቀመጥ።

ምግባርና ዘመዶቹ

ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ምግባር» ከግእዙ «ገብረ» የወጣ ነው፤ አደረገ፣ ሠራ። ስለዚህ ምግባር ማለት አድራጎት ነው፤ ጥሩም መጥፎም ይሆናል። ምግባረ ብልሹ እንል የለ? ቨርቹ ግን መጥፎ ሊሆን አይችልም። «ምግባር» ካላችሁ ፊቱ ወይም ኋላው ላይ «ሠናይ» ወይም «መልካም» ጨምሩበት። ብቻውን የሚቆመው «ምግባር ያለው ሰው» ስትሉ ነው፤ ያኔ መልካምነቱ በውስጡ ይሰማል።

«ሥነ ምግባር» ሌላ ነው። እሱ ዘርፉ ነው፤ «ኤቲክስ» የሚባለው። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ስም ውስጥ ያለው፣ ከሥነ ዜጋ ጋር ተጣምሮ በየትምህርት ቤቱ የተማርነው። «ግብረ ገብ»ም የትምህርት ዓይነት ሽታ አለው፤ አዛውንቶች ሲሰሙት የንጉሡ ዘመን ክፍላቸው ትዝ ይላቸዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ የፍልስፍና ተማሪ «ቨርቹ ኤቲክስ»ን ተርጉሚልኝ ብሎ መጣ። «የሥነ ምግባር ሥነ ምግባር» ብሎ ጽፎ ራሱም ስቋል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። አንዱ ፈላስፋ «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ውጤቱ ምን ይሆናል?» ይላል። የቨርቹ ሰዎች ደግሞ «ምን ዓይነት ሰው ልሁን?» ብለው ይጀምራሉ። መንገዱ ከአርስቶትል የመጣ ነው። በኛ ዘመን እንደገና የተነሳው የብሪታንያዋ ፈላስፋ ኤልሳቤጥ አንስኮም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጽሑፍ ነው ይባላል። አርስቶትል እያንዳንዱን ቨርቹ በሁለት ጥፋቶች መሀል ያስቀምጠዋል። ጀግንነት በፍርሃትና በጭፍን ድፍረት መሀል ነው። ለጋስነት በስስትና በማባከን መሀል። ለልጁ «የሠናይ ጠባይ ፍልስፍና» አልኩት። «ጠባይ» የሚለው ቃል ረዳን። ቨርቹ አንድ ቀን የሚደረግ ነገር ሳይሆን ተደጋግሞ ጠባይ የሆነ ነገር ነውና። ልጁ ከመምህሩ ጥሩ ውጤት ይዞ ተመልሷል፤ በጽሑፉ ይሁን በትርጉሙ አላውቅም።

እዚህ ላይ «ይሉኝታ»ን ለይታችሁ አስቀምጡ። ይሉኝታ ያለው ሰው ጥሩ ይሠራል፤ ግን ሰው ስለሚያይ ነው። ቨርቹ ሰው ባያይም ይኖራል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ እያቀላቀለ የሚያወራ የድሬ ልጅ ነው። ይህን ስነግረው «አቦ፣ እኛ ሰፉ የምንለው አለ፣ እሱስ የት ይገባል?» አለኝ። የኦሮሞ «ሰፉ» ነውርንም ክብርንም፣ ለታላቅና ለተፈጥሮ የሚገባውን ልክም ይይዛል። ከይሉኝታ ይጠልቃል። በቨርቹ ቦታ ግን አይቀመጥም፤ ሰፉ በሰውና በሰው መሀል የሚቆም አጥር ነው፣ ቨርቹ በሰውየው ውስጥ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን አልተዋጠለትም።

ጨዋነት፦ የኔ ምርጫ፣ ከነእሾሁ

ስለ ሰው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው «ጨዋነት»ን ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በጥንቱ መንግሥት ጨዋ ማለት ወታደር ነበር። ንጉሡ በየክፍለ ሀገሩ የሚያሰፍራቸው ሠራዊቶች «ጨዋ» ይባሉ ነበር። ቃሉን «ፄዋ» ከሚለው ግእዝ፣ ምርኮ ማለት ከሆነው ጋር የሚያያይዙት አሉ። ከዚያ ጨዋ ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የታወቀ ሰው ሆነ። ከዚያ ሥርዓት ያለው፣ አንደበቱ የታረመ፣ ሰው የማይነካ። ከዚያ ደግሞ «ጨዋ ልጅ ናት» ሲባል ከወንድ የራቀች ማለት ሆነ። አሁን ወደ ላይ ተመለሱና የላቲኑን እዩ። ወታደር፣ ከዚያ የተከበረ ሰው፣ ከዚያ መልካም ሰው፣ ከዚያ ለሴት ሲሆን ድንግልና። እንግሊዝኛውም «ሄር ቨርቹ» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄደዋል። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ቡናዬ ቀዝቅዞብኝ ነበር።

ጎረቤቴ ደግሞ ጨዋ ከጨው ነው የመጣው ብሎ ድርቅ ይላል። «ሰውየው ጨው አለው ማለት ነው» ይላል። አይደለም፤ ግን ደስ ስለሚል አልከራከረውም።

እሾሁ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ቃሉ የዘር ሽታ አለው። «የጨዋ ልጅ» ሲባል በጎን «የማን ዘር ነው?» የሚል ጥያቄ ተደብቋል። ስለ እኩልነት የሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ቃል ብትከቱ ጽሑፉ ራሱን ይነክሳል። ሁለተኛ፣ በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ፊደል የማያውቅ ምእመን ነው። ለየኔታ የሚጻፍ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሦስተኛ፣ ጨዋነት ዝም ማለትን ያስመስላል። ጮኾ እውነት የሚናገር ሰው ቨርቹ አለው፤ ጨዋ ግን ላይባል ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ቀን ያዳነኝ ይህ ቃል ነው። አንዲት ሴት ከውጭ መጥታ ለአባቷ መቃብር የሚሆን ጽሑፍ አዘዘችኝ። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ይዛ የመጣችው እንግሊዝኛ «ኤ ማን ኦፍ ቨርቹ» ይላል። «በጎ ሰው» አልኳት፤ «እርዳታ ድርጅት መሰለ» አለች። «ምግባረ ሠናይ» አልኳት፤ «አባዬ ቄስ አልነበረም» አለች። ከዚያ «ሰፈር ውስጥ ምን ይሏቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየች። ቬንቲሌተሩ ብቻ ይሰማል። «ጨዋ ሰው ናቸው ይሏቸው ነበር። በሰካራም ፊት እንኳ ባርኔጣቸውን ያነሱ ነበር።» ጻፍነው። ድንጋዩ ላይ አራት ቃል ብቻ ነው ያለው።

ያ የባጃጅ ገንዘቡን አልቀበልም ያሉት አባትም ጨዋ ናቸው። ተቆጥተው ነበር፤ ግን ተገቢ ያልሆነ ሳንቲም አልነኩም።

ትሩፋት

ይህን ቃል ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ደግሞ የምሳሳለት እሱን ነው። «ተረፈ» ከሚለው የወጣ ነው። ትሩፋት ማለት ከታዘዘው በላይ የተሠራ፣ ከግዴታ የተረፈ መልካም ሥራ። ያልታዘዘ ጾም፣ ያልተጠየቀ ምጽዋት፣ ሌሊት ተነስቶ መስገድ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ትሩፋት ሠራ» ሲባል ይህ ነው።

ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ቲማቲም ስትገዙ ሴትዮዋ መዝና ካበቃች በኋላ አንድ ሁለት ፍሬ ትጥላለች። ምርቃት። ሚዛኑ ሞልቷል፤ ዕዳዋ አልቋል፤ የጨመረችው ግን ከራሷ ነው። ትሩፋት የነፍስ ምርቃት ነው ብላችሁ ያዙት።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ረመዳን ሲቃረብ ከመጋላ ሰፈር የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ትንንሽ መጻሕፍት ያስጽፋሉ። ርዕሱ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «የረመዳን ትሩፋቶች» ይላል። ዐረብኛው «ፈድል» ወይም «ፈዲላ» ነው። የዐረብኛው ሥር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ተረፈ፣ በለጠ። አንድ ቀን ለአንድ ኡስታዝ ይህን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው «ማሻአላህ፣ ታዲያ አንድ ቃል ነው በይኛ!» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ አማርኛ በዚህች ቃል ተገናኝተዋል።

ስለዚህ እንግሊዝኛው ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ቅዱስ ቀን ወይም ስለ ቅዱስ ሰው «ቨርቹዝ» ብሎ በብዙ ቁጥር ካመጣ፣ «ትሩፋት» በሉ። ለሙስሊም አንባቢ ስትጽፉ ደግሞ ቀሪዎቹን እንዲህ ለዩ፦ ኸይር ወደ በጎ ይቀርባል፣ አኽላቅ ወደ ሥነ ምግባር፣ አጅር ደግሞ ምንዳ ነው እንጂ ቨርቹ አይደለም።

አንድ አደጋ አለ። ጋዜጠኞች ቃሉን ወስደው ጥቅም አድርገውታል፤ «የቱሪዝም ትሩፋት»፣ «የባቡሩ ትሩፋት»። ለምደነዋል፤ አይነቀልም። እንዲያውም እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ «ዘ ቨርቹ ኦፍ» ብሎ ስለ ዘዴና ስለ ዕቃ ያወራል። ለእሱ ግን ቀለል ያለው ይሻላል። «የባጃጅ ጥሩ ጎኑ የመጋላን ጠባብ መንገድ መግባቱ ነው።» ትሩፋት እዚህ ምን ይሠራል።

ቨርቹ ኃይል ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 5፥30 ላይ፣ ደም የሚፈሳት ሴት ልብሱን ስትነካ፣ ከኢየሱስ «ቨርቹ» ወጣ ይላል። በጎነት ወጣ ብሎ የሚተረጉም ካለ ያን ቀን የኔን ወረቀት ያነበበው ልጅ ይሳቅበት። የግሪኩ ቃል «ዱናሚስ» ነው፤ አማርኛው «ኃይል» ብሎታል። የመላእክት ነገድ ስም ሆኖ ሲመጣም «ቨርቹዝ» የሚሏቸው የኛ «ኃይላት» ናቸው። የድሮ የመድኃኒት መጽሐፍ ስለ ቅጠል «ቨርቹ» ካለ ፈዋሽነቱን ማለቱ ነው፤ «ፍቱን» የምትል ቃል አለችን፣ ተጠቀሙባት።

ምሳሌ 31፥10 ላይ ያለችው «ቨርቹየስ ውማን»ስ? አማርኛው «ልባም ሴት» ይላታል። ዕብራይስጡ ደግሞ «ኤሼት ኻይል»። ኻይል የኛው ኃይል ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። ሴትዮዋ እርሻ ትገዛለች፣ ትነግዳለች፣ ቤት ታስተዳድራለች። ሰባኪዎች «ጨዋ ሴት» ብለው አንገቷን ሲያስደፏት እሰማለሁ። እኔ ግን ገበያ ውስጥ ጆንያ አሸክማ የምትጮኽ ሴት ነው የምትታየኝ። «ልባም» ያለው ተርጓሚ እጁ ይባረክ።

አራቱና ሦስቱ

ካርዲናል ቨርቹዝ የሚባሉት አራት ናቸው። ካርዶ በላቲን የበር ማጠፊያ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእነሱ ይዞራል ለማለት ነው። እኔ የምጽፋቸው እንዲህ ነው፦ ማስተዋል፣ ፍትሕ፣ ራስን መግዛት፣ ብርታት። የመጀመሪያውን «ጥበብ» አትበሉ፤ እሱ ለ«ዊዝደም» ነው። አራቱን በአንድ ላይ ማየት የሚፈልግ መጽሐፈ ጥበብን ምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ይክፈት፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ሃይማኖታዊ የሚባሉት ሦስቱ ደግሞ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር ናቸው። የጋራ ስማቸውን «ምግባራት» ከማለት «ሠናያት» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ጀግንነትም ፍትሕም ሳይጨናነቁ ይገቡበታል።

ቃል በቃል የማይተረጎሙት

እነዚህ ላይ ቃሏን ጭራሽ ጣሏት።

«ባይ ቨርቹ ኦፍ» መሠረት ነው፣ ወይም «በ… ምክንያት»። ለሹመት ከሆነ «በተሰጠኝ ሥልጣን መሠረት» በሉ። ይህን ለመማር የአንድ አባት ላብ ፈሷል።

«ፔሸንስ ኢዝ ኤ ቨርቹ» የሚለውን «ትዕግስት በጎነት ነው» ካላችሁ ማንም አይሰማችሁም። የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል። ሰውየው ይስቃል፣ ይገባዋልም።

«ሜክ ኤ ቨርቹ ኦፍ ኔሰሲቲ» ደግሞ በግድ የመጣውን ወዶ እንዳደረገው ማስመሰል ነው። የማይቀርልህን እንግዳ አጥብቀህ ሳመው። ከዚህ የተሻለ የትም አታገኙም።

«ቨርቹ ኢዝ ኢትስ ኦውን ሪዋርድ» ሲመጣ ሰዎች እዚህ ምን እንደሚሉ አዳምጡ። «ለነፍሴ ብዬ ነው» ይላሉ። መጋላ ሲሻገሩ «ለአላህ ብዬ ነው» ይሆናል። ሁለቱም ግን ዋጋውን ከሰማይ ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛው «ዋጋው ራሱ ሥራው ነው» ነው የሚለው። ጽሑፉ ፍልስፍና ከሆነ ይህችን ልዩነት አትጣሏት።

«ቨርቹ ሲግናሊንግ» አዲስ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ያመጣው። «ለታይታ» ብትሉ ይበቃል። ልብ ይነካ ካላችሁ «እዩኝ እዩኝ ማለት» አለላችሁ፤ የምሳሌውን ሌላ ግማሽ አንባቢው ራሱ ይጨርሰዋል።

«ውማን ኦፍ ኢዚ ቨርቹ»ን አንዱ «በጎነቷ ቀላል የሆነ ሴት» ብሎ ተርጉሞ አይቻለሁ። ሴተኛ አዳሪ ማለት ነው፤ ታሪካዊ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ «ጋለሞታ»።

«ቨርቹዋል ስብሰባ» የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በስም ባይሆንም በኃይልና በውጤት እንዳለ የሚቆጠር ማለት ነበር። ጨዋ ስብሰባ ማለት አይደለም። የተሳተፍኩባቸውም ጨዋ አልነበሩም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚያስቸግር ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ያኔ ሁለት ሦስት ረቂቅ እጽፍና ወደ ጎረቤቴ እወጣለሁ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ እንዲሰማኝ አደርጋለሁ። እግሩን ካቆመ ቃሉ ይዟል። መስፋቱን ከቀጠለ ተመልሼ ሌላ እፈልጋለሁ። ይህን ግን በጠዋት ነው የማደርገው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉም ቃል ትክክል ነው ይለኛል።